ውሻ በመርዝና በጥይት ሲገደል፦ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ተጠያቂው ማን ነው?

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም በአጭር ጊዜ ከገጠርነት ወደ ከተማነት ተሸጋግረዋል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ከተማ በተባለው አዲስ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ጅምር ቤት፣ የቆርቆሮ አጥር፣ የከብት በረትና ፋብሪካ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። የመንገድ መብራት ያልደረሰበት ሰፈር ብዙ ነው፤ ከጫካው የሚወርደው ጅብም ማታ ማታ ይሰማል። እንዲህ ባለ ቦታ ውሻ የማይተካ ሥራ አለው። የጅምሩን ቤት ሲሚንቶና ብረት፣ የበረቱን ጥጃ፣ ከማታ ፈረቃ የምትመለሰውን ልጅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ቡቺ፣ ጃክ ወይም መቻል ተብሎ ይጠራል፤ ከቤተሰቡ ትራፊ ይበላል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ይቀበላቸዋል።

ይህ ውሻ አንድ ቀን መንግሥት በሾመው ሰው እጅ ሊሞት ይችላል። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጥልለታል፤ ወይም ለፍተሻ ግቢ የገባ ታጣቂ ይተኩስበታል። ቤተሰቡ ጠዋት ሬሳውን ያገኛል፤ ለምን እንደተገደለ የሚገልጽ ወረቀት ግን አያገኝም። ማን አዘዘ? ምን አደጋ ታየ? ውሻው ተከትቦ ነበር? ካሳ አለ? ጥያቄው ለውሻ ከማዘን ያለፈ ነው። መሣሪያና መርዝ በእጁ የያዘ የመንግሥት አካል ለዜጋ ምን ያህል መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት የሚለውን የሚፈትን ነው።

ይህ ዳሰሳ የበሽታውን ታሪክ፣ የግድያውን ውጤት፣ ሕጉንና የሌሎች አገሮችን ልምድ ይመለከታል። የደረስኩበትን ድምዳሜ ከወዲሁ ልናገር። ሳይመዘገብና ምክንያቱ ሳይገለጽ የሚፈጸም የውሻ ግድያ ሕዝቡን ከእብድ ውሻ በሽታ አያድንም፤ ሕግንም አያከብርም። ተጠያቂነቱ ሊጸና የሚችለው ግን የውሻው ባለቤትም የራሱን ድርሻ ሲወጣ ነው።

የቆየው ፍርሃት

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ወረርሽኝ ነበር፤ በነሐሴ 1903 ደግሞ አዲስ አበባ ራሷ ተመታች። ያኔ ሰው የሚሸሸው ወደ ባህል መድኃኒት ነበር። በኋላ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቀዳሚ፣ ክትባት ማዘጋጀት ጀመረ። ክትባቱ ከእንስሳት አንጎል የሚሠራ የቆየ ዓይነት ሲሆን የተነከሰ ሰው ለ14 ቀናት በተከታታይ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ሲወተውት ቆይቷል፤ በሴል የሚመረተው ዘመናዊ ክትባት ክንድ ላይ በጥቂት መርፌ የሚሰጥ ነው። የዚያ መርፌ ትዝታ ግን ከብዙ ቤተሰብ አልጠፋም።

ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሕመሙ አንዴ ምልክት ካሳየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገምታል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ለኢትዮጵያ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት ወደ 2,700 ሞት ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅዋ በተነከሰች እናት ፊት ቆሞ ስለ ውሻ መብት ብቻ የሚናገር ሰው ሰሚ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም። ውሻን ከጥይትና ከመርዝ ለመከላከል የሚነሳ ሁሉ መጀመሪያ ይህችን እናት የሚያሳምን መልስ ሊኖረው ይገባል።

ባለሥልጣናት ሲጨነቁ የሚመርጡት ፈጣን መንገድ ግድያ ሆኖ ቆይቷል። አዲስ አበባ የ2000 ዓ.ም. ሚሌኒየም በዓልን ለመቀበል ስትሰናዳ በጎዳና ላይ ያሉ ውሾች በመርዝ እንዲገደሉ ተደርጓል፤ የእንስሳት ተከራካሪዎችም ያኔ ድምፃቸውን አሰምተዋል። ዘመቻው ከተማን ለእንግዳ የማጽዳት መልክ ይዞ ነበር። በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ከተሞችም ይኸው አሠራር ሲደጋገም ኖሯል፤ ቅሬታ ይበዛል፣ አንድ ሰሞን መርዝ ይጣላል፣ ሬሳ ይሰበሰባል፣ ጥቂት ወራት ያልፋሉ፣ ውሾቹም ተመልሰው ይበዛሉ።

መርዙ የሚያደርሰው ጉዳት

ለዚህ ሥራ የሚታወቀው መርዝ ስትሪክኒን ነው። ስትሪክኒን ጡንቻ እንዲላላ የሚያዘውን የነርቭ መልእክት ይዘጋል። ውሻው መላ አካሉ ይገተራል፤ ትንሽ ድምፅና ንክኪ እንኳ እንደገና ያንዘፈዝፈዋል፤ በመጨረሻ የመተንፈሻ ጡንቻው ሲታሰር ታፍኖ ይሞታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አእምሮው ሳይደነዝዝ ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ይህን በመንገድ ዳር ሲያዩ የሚማሩት ነገር ለከተማ የሚበጅ አይደለም።

መርዝ የቤት ውሻንና ባለቤት የሌለውን አይለይም፤ የተከተበና ያልተከተበም ለእሱ አንድ ነው። በእነዚህ ከተሞች ባለቤት የለውም የሚባለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት ያለው ነው፤ ቀን ታስሮ ወይም ግቢ ውሎ ማታ ይለቀቃል። አንዳንዱ ደግሞ የአንድ ቤት ሳይሆን የሰፈር ነው፤ ሥጋ ቤቱ አጥንት፣ ዘበኛው እንጀራ ይሰጠዋል። መርዙ ከውሻም አልፎ ይሄዳል። የተመረዘ ሬሳ የበላ ጅብ፣ ጥንብ አንሳና ሌላ አሞራ ይሞታል። በኢትዮጵያ ከተሞችና ቄራዎች ዙሪያ የሚታየው ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡ ወፎች ተመድቧል፤ ከዋና ምክንያቶቹም አንዱ መመረዝ ነው። የከተማን ጥንብ በነጻ የሚያጸዱትን አእዋፍ እየገደሉ ከተማን አጸዳሁ ማለት እርስ በርሱ የሚጋጭ ሥራ ነው።

ግድያ በሽታውን ያቆማል?

ለዚህ ጥያቄ ዓለም በውድ ዋጋ የገዛው መልስ አለ። በኢንዶኔዥያ ፍሎሬስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲገባ ባለሥልጣናት ውሾችን በብዛት አስገደሉ፤ በሽታው ግን በደሴቱ ቀረ። በባሊ ደሴት በ2008 ሲነሳም መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ ግድያና ውስን ክትባት ነበር፤ በሽታው በሁለት ዓመት ውስጥ መላውን ደሴት አዳረሰ። የታመሙ ውሾችም ሆኑ የሞቱ ሰዎች ቁጥር መቀነስ የጀመረው ከ2010 መጨረሻ ወዲህ ደሴቱን ያዳረሰ የጅምላ ክትባት ከተሰጠ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰፈር ውሾቹን ሲያጣ ቆሻሻውና ትራፊው እዚያው ይቀራል፤ ከጎረቤት ሰፈር አዲስ ውሻ ይመጣል፣ የተረፈችውም ሴት ውሻ ትወልዳለች። አዲስ መጪዎቹና ቡችሎቹ ያልተከተቡ ናቸው። ባለቤቶችም ግድያን ሲፈሩ ውሾቻቸውን ይደብቃሉ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ያሸሻሉ፤ በሽታው አብሮ ይጓዛል። ከሁሉ የከፋው ቀደም ብሎ በገንዘብ የተከተበው ውሻ ከሌሎቹ ጋር መገደሉ ነው፤ በሽታውን የሚያቆመው አጥር በራሱ በመንግሥት እጅ ይፈርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ 70 በመቶውን በየጊዜው መከተብን ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅትም ከእሱ ጋር ሆነው በውሻ ምክንያት የሚመጣ የሰው ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 እንዲቀር ዕቅድ አውጥተዋል፤ የዕቅዱ ምሰሶ ክትባት ነው።

የራሳችንም አገር ይህን አሳይቷል። በባሌ ተራሮች ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ የተሻገረው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያም በ2003 እና 2004፣ በኋላም ደጋግሞ ቀበሮዎቹን ፈጅቷቸው ነበር፤ በዌብ ሸለቆ በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ እዚያ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። የተገኘው መፍትሔ በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን የገበሬ ውሾች በሺዎች መከተብ፣ በችግር ጊዜም ራሳቸውን ቀበሮዎቹን መከተብ ነው። ለቀበሮ የተቻለው ለሰበታ ልጆች የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ጥይቱ የሚያጠፋው ማስረጃ

በነከሰ ውሻ ላይ ወዲያው የሚተኩስ ሰው የተነከሰውን እየረዳ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀናት ክትትል ቢደረግበትና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የተነከሰው ሰውም የተጀመረለትን ክትባት ሐኪሙ ሊያቆምለት ይችላል። ውሻው ከተገደለና ከተጣለ ግን ይህ እውቀት አብሮ ይቀበራል። ቤተሰቡ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ለመጨረስ ገንዘብና ጊዜ ያወጣል፤ ጭንቀቱም ይቀጥላል።

ውሻው መሞቱ የግድ ከሆነ ደግሞ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነው። ጭንቅላቱን በጥይት መምታት ወይም መፍለጥ ናሙናውን ያበላሻል። ይህን ምርመራ ከሚያካሂዱት የአገሪቱ ተቋማት አንዱ፣ የቀድሞው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራና ጥናት ማዕከል፣ የዛሬው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ የሚገኘው እዚያው ሰበታ ውስጥ ነው። ከቡራዩም ከሱሉልታም ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዞ እዚያ መድረስ የአንድ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። በአገሪቱ ለዚህ ምርመራ በእጅጉ የሚመቹት ከተሞች ውሻን ሳያስመረምሩ ገድለው የሚጥሉበት ምክንያት ሊኖራቸው አይገባም።

ጥይት ሌላም አደጋ አለው። ግቢዎቹ ጠባብ፣ አጥሮቹ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዎቹ ብዙዎቹ ጭቃ ናቸው። በጠብመንጃ የተተኮሰ ጥይት ውሻውን ቢስትም ቢመታም ቆርቆሮውን በስቶ ጎረቤት ግቢ ይገባል። ድንጋይ ላይ ነጥሮ ማንን እንደሚመታ የሚያውቅ የለም። ውሻ ላይ የመተኮስ ጥያቄ ስለዚህ የሰው ሕይወት ጥያቄም ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው ውሻው ሲገደልበት "ውሻ ነው፣ ምን ይባላል?" ብሎ ይተወዋል። ሕጉ ግን ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1127 ራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ግዙፍነት ያላቸውን ነገሮች በተንቀሳቃሽ ንብረት ውስጥ ያካትታል፤ የሰው ውሻ በሕግ ዓይን የሰው ንብረት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የንብረት መብትን ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊዎችም ለሚያደርሱት ጉድለት ተጠያቂ እንዲሆኑ ያዛል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 ከዚህ አልፎ ይሄዳል። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ ይከፍላል፤ ጥፋቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ሲሆን ተጎጂው መንግሥትን ሊጠይቅ ይችላል፤ መንግሥትም በበኩሉ ከሠራተኛው ሊያስመልስ ይችላል። ጥያቄው በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ጠብቀው ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች መብታቸውን ያጣሉ። በወንጀል በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 689 የሌላውን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ማጥፋትን ይቀጣል፤ በደንብ መተላለፍ ክፍሉም በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን የጭካኔ ድርጊት ይከለክላል።

ሕጉ ለፖሊሱም ጥበቃ አለው። አንቀጽ 75 የግድ አስፈላጊነትን ይደነግጋል፤ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ የተደቀነን ከባድና ቅርብ አደጋ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሳይቻል ሲቀር የተወሰደ እርምጃ አያስቀጣም። ሕፃን ላይ የተጠመጠመን ውሻ ተኩሶ የገደለ ፖሊስ ይመሰገናል እንጂ አይከሰስም። ነገር ግን ይህ መከላከያ መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው። አደጋው ቅርብ ነበር? ሌላ መንገድ አልነበረም? እነዚህን የሚመልስ ዘገባ በሌለበት የግድ አስፈላጊነት ባዶ ቃል ይሆናል።

የሕጉ ደካማ ጎን የካሳው መጠን ነው። በገንዘብ የሚተመን ጉዳት በዋጋው ይካሳል፤ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በሕጉ በተለዩ ሁኔታዎች ብቻ ሲሆን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ገደብ ጥሎበታል። ገደቡ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለጠበቃ ማማከሪያ እንኳ አይበቃም። ለአሥር ዓመት ቤት የጠበቀ አበሻ ውሻ በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ስለሆነ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት የሚሄድበት አቅም አይኖረውም። ይህ ገደብ ሊሻሻል ይገባዋል፤ የሚጎዳውም ውሻ የሞተበትን ሰው ብቻ አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ጉዳይ በሰፊው ያከራከረበት አገር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ባለሙያ ፖሊሶች በቀን ከ25 እስከ 30 ውሾች ሳይገድሉ እንደማይቀሩ ገምተው ነበር። ከታወቁት ክስተቶች አንዱ በሐምሌ 2008 በሜሪላንድ ግዛት በርዊን ሃይትስ የደረሰው ነው። የከተማዋ ከንቲባ ቼይ ካልቮ ሳያውቁት በአድራሻቸው በተላከ የማሪዋና ጥቅል ምክንያት ፖሊሶች ቤታቸውን ሰብረው ገቡ፤ ሁለት ላብራዶር ውሾቻቸውን ገደሉ። ከንቲባውና ባለቤታቸው ምንም ጥፋት እንደሌለባቸው ወዲያው ታወቀ። ከንቲባው ቁጣቸውን ወደ ሕግ አዞሩት፤ በማግሥቱ ዓመት ግዛቱ ልዩ የፖሊስ ቡድኖች ያካሄዱትን ዘመቻና የደረሰውን ጉዳት፣ የተገደለ የቤት እንስሳንም ጨምሮ፣ በየስድስት ወሩ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ ለጊዜው የወጣ ነበር፤ የተገኘው ትምህርት ግን ቋሚ ነው፦ መቁጠር የተጠያቂነት መጀመሪያ ነው።

ፍርድ ቤቶቹም የተለያየ መስመር ያዙ። በካሊፎርኒያ ሳን ሆሴ ፖሊሶች በ1998 ባካሄዱት ፍተሻ ሦስት ውሾች ገደሉ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2005 ፖሊሶቹ ውሾች መኖራቸውን ከሳምንት በፊት እያወቁ ከመግደል ሌላ ዕቅድ አለማዘጋጀታቸው ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ወሰነ። በሚሺጋን ባትል ክሪክ ጉዳይ ግን ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2016 ለፖሊሶቹ ፈረደ። ኮሎራዶ በ2013 የውሻ ጥበቃ አዋጅ አውጥታ ፖሊሶች የውሻን ጠባይ የሚያስተምር የ3 ሰዓት ሥልጠና እንዲወስዱ፣ መሥሪያ ቤቶችም ባለቤቱ ውሻውን የሚያስርበት ዕድል የሚያገኝበትን የጽሑፍ መመሪያ እንዲያዘጋጁ አደረገች። በለንደንም በግንቦት 2023 ፖሊሶች በላይምሃውስ ሁለት ውሾች ተኩሰው ሲገድሉ ሰዎች አደባባይ ወጥተው መልስ ጠይቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ለሸገር ከተማ የሚጠቅመው ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ነው፤ እሱም ዕቅድ፣ አጭር ሥልጠና፣ መዝገብና ለባለቤቱ ውሻውን የማሰሪያ ዕድል መስጠት ነው።

ፖሊሱም ይሰማ

ፖሊሱ የሚለውም እውነት አለው። ሌሊት ጨለማ ግቢ የሚገባ ሰው ከየት እንደሚዘልበት አያውቅም፤ ቢነከስ ክትባት ፍለጋ የሚንከራተተው እሱ ነው። በእጁ ያለው ብቸኛ መሣሪያ ጠብመንጃ ከሆነ ሲፈራ የሚይዘው እሱኑ ነው። ጫፉ ላይ ሽምቅቅ ያለው ረጅም ዘንግ፣ ጠንካራ የእጅ ጓንት፣ የውሻ ጠባይ የሚያውቅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ ለጣቢያው ቢሰጠው ብዙው ጥይት በማኅደሩ ይቀራል። ከውሾች ጋር በየቀኑ የሚገናኙት የመብራት ቆጣሪ አንባቢና የወተት ገዢ ያለ ጠብመንጃ ሥራቸውን ይሠራሉ። በር አንኳኩቶ "ውሻ እሰሩ" ማለት ለእነሱ የዕለት ልማድ ነው። አጣዳፊ ወንጀል በሌለበት ፍተሻም ፖሊስ ይህንኑ ሊያደርግ ይችላል። ያለ በቂ ሥልጠናና መሣሪያ ያሰማሩት አለቆቹም ከተጠያቂነቱ ድርሻ አላቸው።

የባለቤቱ ዕዳ

ውሻ አሳዳሪውም ሕግ አለበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ውሻን ማታ ለቆ የጎረቤት ልጅ ሲነከስ "የኔ አይደለም" ማለት የተለመደ ነው። ቡችላ ሲበዛ በጆንያ ወስዶ ድልድይ ሥር ወይም ገበያ ዳር መጣልም እንዲሁ። ቤት ሲቀየር ወይም ሲፈርስ ውሻው እዚያው ይቀራል። በየመንገዱ የምናያቸው ውሾች ከሰማይ አልወረዱም፤ ከየቤታችን የወጡ ናቸው። ያልተከተበና ያልተመዘገበ ውሻ ያለው ሰው ውሻው በተገደለ ጊዜ የሚያቀርበው ማስረጃ አይኖረውም። የክትባት ካርድ ያለው ግን ሁለት ነገር ይይዛል፤ ልጆቹን ከበሽታ ይጠብቃል፣ ለፍርድ ቤትም ሰነድ አለው።

ሃይማኖታችንም እዚህ ላይ አልጎደለንም። ቤተ ክርስቲያን በአልዓዛር ታሪክ የድሃውን ቁስል የላሱትን ውሾች ታስታውሳለች፤ እስልምናም ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ፣ ከዋሻው ሰዎች ጋርም ውሻቸው እንደነበረ ያስተምራል። ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ ምራቁም ከመስገድ በፊት ይታጠባል፤ ይህ ማለት ግን ይሠቃይ ማለት አይደለም።

ምን እንጠይቅ?

ከሸገር ከተማ አስተዳደርና ከኦሮሚያ ፖሊስ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች ጥቂትና ተግባራዊ ናቸው። አንደኛ፣ ውሻን በስትሪክኒን ማስገደል በሦስቱም ከተሞች ይቁም። ሁለተኛ፣ ፖሊስ፣ ሚሊሻ ወይም ደንብ አስከባሪ ውሻ ላይ በተኮሰ ቁጥር በ24 ሰዓት ውስጥ የጽሑፍ ዘገባ ያቅርብ፤ ዘገባው ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የታየውን አደጋ፣ የተሞከረውን ሌላ መንገድና ምስክሮችን ይያዝ፤ ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የነከሰ ውሻ እስከተቻለ ድረስ ታስሮ ለ10 ቀናት ክትትል ይደረግበት፤ ከሞተ ጭንቅላቱ ሳይጎዳ ሰበታ ላለው ኢንስቲትዩት ይላክ፤ ውጤቱም ለተነከሰው ሰውና ለባለቤቱ ይነገር። አራተኛ፣ በየዓመቱ መስከረም 18 በዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ዙሪያ በየወረዳው ነጻ የክትባት ዘመቻ ይካሄድ፤ በቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎችም ይሳተፉበት። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ የሚታይ ምልክት ይታሰርለት። አምስተኛ፣ ማስታወቂያው ሁሉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይነገር፤ ሰው ያልሰማውን መመሪያ ሊያከብር አይችልም። ስድስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ውሻ እንደተከተበ፣ ስንት እንደተገደለና በምን ምክንያት እንደሆነ ቁጥሩ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

ለባለቤቶችም ምክር አለኝ። ውሻችሁን አስከትቡ፤ ካርዱንና ፎቶግራፉን ያዙ፤ ማታ በግቢ አቆዩት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻችሁ ያለአግባብ ከተገደለባችሁ ሬሳውን ከመቅበራችሁ በፊት ፎቶግራፍ አንሱ፤ በባዶ እጅም አትንኩት፤ ምስክር ያዙ፤ ለፖሊስ ጣቢያው የጽሑፍ አቤቱታ አቅርቡና የተቀበለ ሰው ፊርማ አስቀምጡ። መልስ ካላገኛችሁ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በራችሁ ነው፤ ካሳ ለመጠየቅም ሁለት ዓመት አላችሁ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" እንደሚባለው ከዘገየ በኋላ መጮህ ፋይዳ የለውም።

አንድ ፖሊስ ወይም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የገደለውን ውሻ ጉዳይ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ማስረዳት ካልቻለ ሊገድለው አይገባውም ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይህን አንድ ገጽ ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ነዋሪዎቻቸውም ሊጠይቁት ይገባል።